ከመታጠፊያው በፊት

አስራ ዘጠኝ ዓመት በግራው ወንበር ላይ፣
ሰሌዳ ታቅፌ ዝም ብዬ የማይ
ፈታኝ ነኝ፤ ኒሺዋኪ። የኖሺሮ ጎረምሳ
ሁሉ በእኔ ብዕር ወድቆ የተነሣ።

ሕጉ አጭር ነው፦ ለመታጠፍ ሠላሳ ሜትር ሲቀር፣
እጅህ ሳይዞር በፊት ፍሬቻህ ይናገር።
ጥሩምባ ግን ውድ ነው፤ ለንዴት አይነፋም፣
ለሰላምታ አይሆንም፣ ቀርፋፋ አይገፋም።
አንድ ቦታ ብቻ፣ ከጥዶቹ ሥር፣
ሰማያዊው ምልክት ከቆመበት አጥር፣
ከወዲያ የሚመጣው ለማይታይ መታጠፊያ
አንዴ መንፋት ግድ ነው፤ የመኖርህ ማሳወቂያ።

ወይዘሮ ኩዋባራ፣ ስድሳ አንድ ዓመቷ፣
እዚያችው ጥግ ላይ ነው የሁለቴ ውድቀቷ።
ስፖኪዮ ታያለች፣ ቀበቶዋ ልክ ነው፣
መሪ አያያዟ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው።
ምልክቱ ጋ ስትደርስ ግን አውራ ጣቷ ይነሣል፣
ክላክሱን ይነካል፣ አይጫንም፤ ይመለሳል።

«ሰው እንዳላስደነግጥ» አለችኝ ባለፈው።
አርባ ዓመት ሌሊቱን ከሕሙማን ጋር ያሳለፈው
እግሯ ፔዳሉንም እንደተኛ ሰው
እንዳይነቃ ብሎ በቀስታ ነው የሚረግጠው።

ባሏ ነበር ሾፌሩ። ዘንድሮ ዓይኑ ጠፋ፤
መኪናው ከጓሮ በረዶ ሥር አንቀላፋ።
ሐኪሙ ያለው አኪታ ነው፤ አውቶቡሱ በቀን አንዴ።
«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እዚህም ይሠራል እንዴ?

ዛሬ ሦስተኛዋ ነው። አጥር ዳር ባሏ ቆሟል፣
ነጭ በትሩን ይዞ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሯል።
ሠላሳ ሜትር። ፍሬቻ፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ።
ሃያ። ጥዱ ቀረበ። አውራ ጣቷ ነቃ።
እኔም ጉሮሮዬ ላይ «ንፊው» የሚል ቃል ተሰነቀረ፤
ፈታኝ ግን አፍ የለውም፤ ቃሉ እዚያው ቀረ።
አሥር ሜትር።
          ፒፕ።

አጭር፤ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች» እንደሚል እንግዳ፣
ማንንም ሳታስደነግጥ፣ ማንንም ሳትጎዳ።
ከመታጠፊያው ወዲያ ማንም አልነበረም፣
አንድ ቁራ እንኳ ከሽቦው አልበረረም።
ከአጥሩ ዳር ግን አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤
ያቺ ፒፕ የማን እንደሆነች ጆሮው መቼ አጣ?
እሷ አላየችውም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።
ይህም ነጥብ አለው።

ከዳር ቆመች። ፍሬን ያዘች፣ ማርሽ አወጣች፣
መስኮቱን ከፈተች፤ ፍሬቻውን ማጥፋት ረሳች።
ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል። ለዚህም ይቀነሳል፤ ቀነስኩ።
ሰባ ነው ማለፊያው፤ ሰባ አምስት ላይ አሰመርኩ።
ፈተናው አልቋል፤ ከዝምታዬም ተፈትቻለሁ፣
«አጥፊው» ልላት አፌን ከፍቼ በመስኮቱ አያለሁ፦
ሽማግሌው በትሩን በረዶው ላይ እየነካካ፣
ቃ ወዳለበት፣ ቃ ወዳለበት ይመጣ ኖሯል ለካ።

አፌን መልሼ ዘጋሁ።