ጦም ያደረ መሬት

ኅዳር ገባ፤ ደንዲ ጉም ለብሳ አደረች፣
ፀሐይ እንደ ጡረተኛ አርፍዳ ወጣች።
መንሽና አካፋዬን በጋሪ ጭኜ
መጣሁልህ፣ ዱጋልድ፣ ጉልበቴን ለምኜ፤
ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር፣
ማዘጋጃ ቤቱ በኪራይ የሰጠን ቁራሽ ምድር።

የድሮው እንጆሪ ታሞ ነው የሞተ፣
ቅጠሉ ዥጉርጉር ሆኖ፣ ሥሩ እየሻገተ።
ሺና አጥሩን ተደግፋ፣ ከፔርሙሷ ሻይ እየቀዳች፣
«የታመመ አፈር አዲስ ሥር ይበላል፤ እዚያው አትትከዪ» አለች።
ታዲያ የት ልትከለው?
ካሮቱ እዚህ አለ፣ ጎመኑ እዚያ አለ፣
ከሽንኩርቱ ማዶ ውሃ ተንጣለለ፤
እንጆሪ ደግሞ እግሩ ረጥቦ አይከርምም።
ተረፈኝ አንድ ቦታ፦
ጋዜጣ ፊትህ ላይ ዘርግተህ
የምታንቀላፋባት፣ ከቀትር እስከ ማታ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
እኔ ስኮተኩት፣ አንተ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ፣
«እዚያ ጋ አረም አለ» ትለኝ ነበር፣ በፒፓህ ጠቁመህ።
ስንቴ ረግሜሃለሁ፣ ወገቤን ይዤ፣
አረሙን ባንተ ፈንታ በጥፍሬ መዝዤ!

ወንበሩን ከሺና ጋር ገፍተን ስናነሳው
አራት ትንንሽ ጉድጓድ ከእግሩ ሥር ቀረው።
ሰርዶው ከላይ ነበር፤ ነጭ ሥሩን እንደ ክር ሳብሁት፣
ቁራጭ እንዳይቀር ብዬ በጣቴ ዳሰስሁት፤
ሰርዶ አንድ አንጓ ከተረፈው ሌላ ሰርዶ ይወልዳል፣
እንደ ቤተሰብ ቅያሜ ያልነቀሉት ያድጋል።
ከዚያ አካፋው ገባ።
ገባ፣ ያለ ድምፅ፣ እስከ አንገቱ ድረስ፤
አፈሩ ጥቁር፣ ፍርፍር፣ ትል የሚርመሰመስ።

ለካስ፣ ዱጋልድ፣
ለካስ ስንፍናህ ነው ይኼን ያሳረፈው፣
መቀመጥህ ኖሯል መሬት ያተረፈው።

ሁለት አካፋ ጥልቀት፣ ሦስት እርምጃ ርዝመት፣ ቦይ አወጣሁ፤
የከረመ የፈረስ ፍግ ከታች አነጠፍሁ።
የመነጽርህን አንድ እግር አገኘሁ ከአፈሩ ውስጥ፣
«አንቺ ነሽ የጣልሽው» ብለህ ሦስት ቀን ያኮረፍህበትን፣ በገዛ ቤትህ ስትናጥ።
ኪሴ ከተትሁት።

ካስማው ቆሟል፤ ሽቦው ተወጥሯል በሁለት ረድፍ።
ዘንጎቹ ነገ ይመጣሉ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው፤
ተክዬ፣ ከስንዝር በላይ ያለውን ቆርጬ እተዋቸዋለሁ ራቁታቸውን እንደሆኑ።
በመጀመሪያው በጋ ፍሬ የለም፤
በሁለተኛው ነው የሚቀሉ።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።
ሺና ቀና ብላ አየችኝ፣ ቆጠረች መሰለኝ፤
ምንም አልጠየቀች።
የፔርሙሷን ክዳን አጥብቃ ዘጋች።

«ወንበሩንስ?» አለች።
ወስደን አሳረፍነው በታመመው አፈር ላይ፣
የድሮው እንጆሪ በሞተበት ሥፍራ።
ተቀመጥሁበት፣
እጄን አጣጥፌ፣ አንዳች ሳልሠራ፤
መሬት እያሳረፍሁ።

ቆይቼም፣ በመነጽርህ እግር እየጠቆምሁ፣
«ሺና» አልኋት፣
«እዚያ ጋ አረም አለ።»