ሌባ ጣት

በማቶዚኞሽ ወደብ፣ ጭጋጉ ሳይለቅ ከጀልባ፣
ከሰርዲን ፋብሪካው አናት፣ ጠባቧ ክፍል ስገባ፣
ወንበር አሳዩኝ፣ መሃሉ የጎደጎደ፤
ኮምፒውተር ሰጡኝ፣ ሌላ ሰው የለመደ።
ዜፌሪኖ ይሉታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
ለዓሣ ቆርቆሮ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ነው አሉ፤
ባለፈው ፋሲካ ጡረታው ደረሰና
ጃኬቱን ብቻ ይዞ ሄደ፣ ልማዱን እዚሁ ተወና።

ጀመርኩ። «አስቀምጥ» ብዬ ነካሁ፣ እንደተማርኩት፤
ዓሣው ተገለበጠ፣ ሆዱን ሰቀለ፣ ፈራሁት።
«ቅዳ» ስለው የባሕሩ ቀለም ጠፋ፤
«መልስ» ስለው የዘይቱ ስም እንደ ሊጥ ሰፋ።
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል ተረቱ፤
በኛ ሙያ ግን ይታፈሳል፣ ሁለት ቁልፍ ነው መድኃኒቱ።
እዚህ ቤት ውሃው ፈስሶ ቀረ።
ቁልፍ ይሉታል እንጂ፣ በነካሁት ቁጥር
የሚቆለፍብኝ በር ነበረ።

ሜኑውን ከፈትኩ። ግማሹ የለም፣ ደብቆታል፤
ለቀረው ቀለም ቀብቶ፣ የራሱን ስም አውጥቶለታል፦
«ከርክም» የነበረው፣ «ራሱን ቁረጥ»፤
«አስተካክል» የነበረው፣ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ»፤
«ንብርብሩን አዋህድ» የሚለው ደግሞ በቀይ፣
«ሌኦካዲያ ሳታይ እጅህ እንዳይነካው፣ ዋይ!»

ሌኦካዲያ አለቃዬ ናት፤ ብነግራት ሳቅ አለች፤
«ቤቱ ነባር ነው፣ እንግዳዋ አንቺ ነሽ» ብላ ወደ ስልኳ ዞረች።

ያን ማታ ብቻዬን ቀረሁ።
«ሁሉም እንደ ፋብሪካው ይሁን?» የሚለው መስኮት ላይ ደረስኩ።
«እርግጠኛ ነሽ?» ይላል።
እርግጠኛ ነበርኩ።
አፍንጫዬ ፈሰሰ እንጂ፤ መሐረብ ፍለጋ መሳቢያውን ሳብኩ።

የሱፍ ጓንት። የግራ እጅ። ግራጫ።
ሌባ ጣቱና መሃል ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፈው
ተሰፍተዋል፣ በጥቁር ክር፣ እንደ ከረጢት መቋጫ።

በነጋታው ዓሣ የሚደረድሩት ሴቶች ነገሩኝ፤
ገና ጎረምሳ ሳለ ነው አሉኝ፤
ሌባ ጣቱን የሰረቀው የወረቀት መቁረጫ ነው፤
ሌባን የሰረቀ ሌባ፣ ማን ይጠይቀው?
መሃል ጣቱ አብሮ ሄደ፣ ምስክር እንዳይሆን።

ያኔ ኪቦርዱን አየሁት፣ የሰው ፊት እንደሚታይ፤
ኤ ተፍቋል፣ ዜድ ጠፍቷል፣ ኤስ ላይ
የቀረው አንዲት ጭራ ናት፤
ኤፍ ግን፣ ሌባ ጣት የሚያርፍባት፣ ያቺ እብጠት ያላት፣
አዲስ ናት።
ማንም አልነካት።

ሁለት ጣቴን አጥፌ ሞከርኩ። ቀን ሙሉ
እንደ ሸርጣን ጎን ለጎን ተሳብኩ።
አቋራጭ ይሉታል፤ እኔ ዙሪያ ጥምጥሙን አየሁ፦
የሌለ ጣት ዞሮ የሚያልፍ መንገድ ነው፤
ዱካውን ይዤ ዋልኩ፣ አመሸሁ።
በሎሚ፣ በቲማቲም፣ በሚያቃጥል በርበሬ፣
ስልሳ ልብስ ሰፋሁ፣ በሦስት ጣት፣ እስከ ዛሬ።

ዛሬ መጣ። ለጓንቱ። ብርዱ ጠናበት መሰለኝ።
ከኋላዬ ቆሞ፣ ቆየና፣ እጄን አስተዋለኝ፤
«ልጄ፣ ሁለቱን ምን ነካቸው?» አለኝ።
«ያንተን መንገድ ይዤ ነው» አልኩ፣ ኩራት ቢጤ እያለኝ።
ሳቀ፤ ሳቁ የጀልባ ሞተር ነው፣ ሦስቴ አስሎ የሚነሣ፤
እንባውን በጓንቱ ጠረገ፤ ጓንቱ ዛሬም ይሸታል ዓሣ።
«እኔ ያጠፍኩት አጥቼ ነው፤ አንቺ ምን አጣሽ?
አምስት ጣት እኩል ባይሆንም አምስት ነው፣ በሦስት ምን አሠራሽ?»

ሄደ። ደረጃው ጮኸ፣ እስከ ታች።
የአቋራጮቹን ሰሌዳ ከፈትኩ፤ ከስሙ ሥር ስሜን ጻፍኩ፦ ኢሪያ።
ቀዩን አልነካሁም። «ራሱን ቁረጥ»ም ይቆይ፤ ለምጄዋለሁ።
ኤፍን መረጥኩ።
ባዶ ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል፦ «ምን ልታዘዝ?»
ሌባ ጣቴ እብጠቷ ላይ አርፋለች፤
ወደብ ላይ ጀልባ ይጮኻል፤ ምን እንደምታዝ
ገና አላወቀችም።