የላምባ ዱቤ

ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ከግራሩ ጥላ፣
አንድ ሱቅ ነበረ፣ ጎኑን ዝገት የበላ፤
እናቴ ነች እዚያ ላምባ የሰፈረች፣
በቢራ ጠርሙስ፣ ጠብታ ሳታጎድል፣ አርባ ዓመት የኖረች።

ስሟ ትርንጎ ነው። እጇ ግን ላምባ ላምባ ይላል፤
በእንዶድ ብትፈትገው፣ በሎሚ ብታሸው፣ ያው ይሸታል።
ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ፣ ግንባሬን ልትዳብስ፣
ሽታዋ ነበረ ቀድሟት የሚደርስ።

አባቴ ጉተማ፣ የባቡር ፍሬን ያዥ፣
ሦስት ቀን የቤት ሰው፣ አራት ቀን ተጓዥ፤
እሱ "አዳማ" ሲል እሷ "ናዝሬት" ትላለች፣
በዚህ ብቻ ነበር ስትጣላው የሰማኋት።
"ከተማው በቁልቋል ነው የተሰየመ" ይላታል፤
"እሾሁን ላንተ፣ ስሙን ለእኔ ተወው" ስትለው ይስቃል።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ፣
ፊደል ቆጠረች፣ ከ"ሀ" እስከ "ላ"።
"ለላምባ ይበቃኛል" አለችና ተወች፤
የቀረውን ሰው ሁሉ በሥዕል ጻፈች።
ባለ ጋሪው፣ ፈረስ። መምህር ፋንታዬ፣ መነጽር።
ስትበደር የምታለቅሰው ሙሉ፣ ሦስት ነጥብ ከዓይን ሥር።
ከጎናቸው ጭረት፣ ለአንድ ጠርሙስ አንድ፤
ሲከፈል ይሰረዛል፣ ካልተከፈለ ቁጭ ነው፣ እንደ ግንድ።

አባቴ በሞተ በሰልስቱ ማታ፣
አንዲት ሴት መጣች ከመተሐራ፤
ሁለት ልጆች ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ዝም ብላ ለአፍታ።
ግንባራቸው የአባቴ። ቅንድባቸው የአባቴ።
ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ ነጠላዋን ነከሰች አክስቴ።
እናቴ ግን ተነሳች፣ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠቻት።
"መንገዱ ጨለማ ነው" አለቻት።
በዚያ ነገር ላይ እስክትሞት ሌላ ቃል አልወጣትም።
ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ ባቡሩ አንድ ጀሪካን ይጭናል፤
የት እንደሚወርድ እኛም አንጠይቅም።

ደምሰው ወንጂ ገባ፣ ስኳር ፋብሪካ። ለሊሴ ሞጆ ተዳረች።
እኔ ቀረሁ።
ባቡሩም አንድ ቀን ቆመ፤ ሐዲዱ ላይ ፍየል ተኛበት።
በየቤቱ መብራት ገባ፣ ላምባ ጠያቂ ጠፋ፣
እሷ ግን በየማለዳው ሱቁን ትከፍታለች፣
"መብራቱ መሄዱ ይቀራል?" እያለች።
ደግሞ አልተሳሳተችም።

ንፋሱ አቧራውን በሚያነሳበት በየካቲት ቀበርናት።
በሰልስቷ አንድ ጎልማሳ ገባ፤ ስሙን ሳይነግረኝ
ግንባሩን አወቅሁት።
ከኪሱ ፖስታ አወጣ።
"የእናቴ ኑዛዜ ነው" አለ፣ "የላምባ ዱቤ አለብን።"
"ስንት ጠርሙስ?"
"እንጃ። ልጅ ነበርኩ። ብዙ ሌሊት አበራልን።"

ደብተሩን አመጣሁ።
ፈረሱን አለፍኩ፣ መነጽሩን፣ ሦስቱን የእንባ ነጥብ።
መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር አገኘሁ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሐዲድ፤
አጠገባቸው ጭረት የለም፣
አንድም።
በእርሳስ የተጻፈ፣ ወደ ግራ ያዘመመ አንድ ፊደል ብቻ፦
"ላ"።

ላምባ ልትል ነው? ላንቺ? ላባቱ ልጅ?
ፊደሏ እዚያ አለቀ፤ የምጠይቀው ሰው የለም እንጂ...
እሱም አየው፣ እኔም አየሁት፣ ደብተሩን ዘጋነው።
ፖስታውን መለስኩለት፤ አልቀበልም አለ።
ሁለታችንም የአባታችንን ግትርነት ወርሰናል፤
ሳይከፈት፣ በባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ዛሬም አለ፣
ላምባ ላምባ ይላል።