ሠላሳ በሠላሳ

ቁልፉን የተረከብን ዕለት፣ ዝዎለ ከተማ፣ በየካቲት፣
የኋላውን በር ብንከፍት፣
ጓሮ የሚሉት ነገር፣
ከደጃፍ እስከ አጥር፣
ሠላሳ በሠላሳ የሲሚንቶ ንጣፍ፣
አንዲት ሣር እንኳ የማትበቅልበት ጥግና ጫፍ።
«ጽዱ ነው፤ አያደክምም» አለን ሻጩ፣ ኩራት ይዞት።
ባለቤቴ ቆጠረው፤ አራት መቶ ስምንት።

የመጀመሪያው ዓመት፣ አልዋሽም፣ ዘንባባ ነበር ያማረኝ፤
ባለሱቁም «ብርድ ይችላል» ብሎ ከነማሰሮው ሸጠልኝ።
ውርጭ በአንድ ሌሊት ገባ።
ጠዋት እንደ ራሰ ጋዜጣ ተጣጥፎ አገኘሁት፣ ያ ዘንባባ።

በሁለተኛው ዓመት ዲጂኖ ገዛሁ።
የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሆስፒታል ስመለስ፣ ሳልተኛ፣
ሦስት ሦስት ንጣፍ መፈንቀል ሆነ ሥራዬ ሁለተኛ።
ከሥሩ አሸዋ፤ ከአሸዋው ሥር ጥቁር ጭቃ፤
አንዲት ትል፣ ብርሃን ሲነካት፣ ተመልሳ ገባች ጠልቃ።

ጎረቤቴ አቶ ዊብረን
ቅዳሜ ቅዳሜ የራሳቸውን ንጣፍ በውሃ ግፊት ያጥባሉ፤
ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ «ምን ልትዘሪ ነው?» ይላሉ።
«የዚሁን አገር» አልኳቸው።
«የዚህን አገር ምን?»
«አገር በቀሉን።»

ዘር የሚያድለው ልጅ ዝርዝር ሰጠኝ፣ በደችና በላቲን።
አውቶቡስ ላይ ሥዕሉን ሳይ ሳቅሁ፤ ለካ ዘመድ ነን!
ማገጥ፣ ቱልት፣ ጎርጠብ፣ ጦስኝ፣ ኮሸሽላ፣ ቀጋ፣
ማንም ሳያስተዋውቀን መጡ ጠጋ ጠጋ።
አፌ ያልለመዳቸውን ልጄ ትርሲት ናት ያስጠናችኝ፣
ስሳሳት እየሳቀች፣ እንደ ተማሪ እያቆመችኝ፦
ፒንክስተርብሉም፣ የጰራቅሊጦስ አበባ፤ ካተንስታርት፣ የድመት ጭራ።
«እማዬ፣ ‹ር›ን አታጥብቂ!»
ምንም ባልበቀለበት መሬት ላይ ቆመን በስም ስንጣራ።

ሚያዝያ መጣ፤ ሳማ ብቻ። ያልዘራሁት፣ ያልገዛሁት፣
ከአጥሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ጥጉን ሁሉ ያዘው። ተውኩት።
«ይሄ አረም ነው» አሉ አቶ ዊብረን፤ «ወደኔ ይሻገራል።»
«ሳማ መቼ ይሰርቃል? ቢበዛ እጅ ይፈጃል።»
አልሳቁም።
ማክሰኞ በፖስታ ሳጥኔ፣ በንጹህ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት መስመር፦
በትሕትና፣ ሳማው እንዲነቀል፣ በሳምንት ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር።

አልነቀልኩም። መልስ አጥቼ እንጂ ደፍሬ አይደለም።

ሰኔ ላይ ሳማው ጠቆረ፤ አባጨጓሬ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣
ቅጠሉን ይከረትፋል፣ ቀንና ሌሊት፣ ያለ እንቅልፍ።
ከዚያ አንድ ቀን ጠፉ።
የዘራሁትም እያረፈደ መጣ።
ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ ገና የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ፣
አራት ዓይን ያፈጠጠ ክንፍ አየሁ፣ የድመት ጭራው ላይ ሲያርፍ፣ ሲለቅ።

አቶ ዊብረን ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው በእጃቸው።
«ዳግፓውኦግ» አሉ፣ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል በደጃቸው።
ከዚያ፣ እኔን ሳያዩ፦
«ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ያንቺንም፣ የኔንም። በሰባ ስድስት፣ በዚያ ሐሩር፣
አንዷን ሳላዛንፍ፣ በገመድ ለክቼ፣ በጉልበቴ ስዞር።»
አራት መቶ ስምንት።
በየማለዳው የፈነቀልኩት ለካ የሰው ጉልበት ነበር።
ምን ይባላል?
«ቀጥ ያለ ነበር» አልኳቸው።
«አውቃለሁ» ብለው ገቡ።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው አጠቡ። አጥሩ ሥር ግን አንዲት ንጣፍ ተነስታ፣
ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ እርጥብ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ።
በጉድጓዷ ምንም አልዘሩም። ጎማውን ግን አዙረው ያልፏታል።
መስከረም ላይ የሆነ ነገር ብቅ ብሏል።
ትርሲት በሆዷ አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ፣
«ጎርጠብ ነው» አለቻቸው፣ የደቹን ትታ፣ እንደ መምህር ቀና ብላ።
«ጎርታብ።»
«አይደለም! ‹ጠ›ን ጫን አድርጉት!»
«ጎር... ታብ።»
መጋረጃውን ስቤ ተኛሁ። እሳቸው ገና እየሞከሩ ነው።