ይሰማል?

«ይሰማል?» አልኳቸው ማክሰኞ ማምሻ ላይ፤
የሚመልስልኝ ዝናብ ነው ከበላይ።
አርባ አንድ ጥቁር ካሬ በስም ተሰልፏል፤
ከካሬው ጀርባ ግን ማን ነቅቶ ይገኛል?

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳወራ ኖሬያለሁ፤
«ጥያቄ ያለው?» ስል ግድግዳ አያለሁ።
«ተሳትፎ ይጨምር፣ በኦንላይን ይሁን»
አለ ዲፓርትመንቱ፤ እሺ አልኩ ትእዛዙን።
ሠላሳ ሁለት ስላይድ ስለ ረግረግ ውሃ
ይዤ ቁጭ አልኩ ማታ።

ተሳትፎ ግን ምንድን ነው?
ስም መኖሩ ነው ወይ? አረንጓዴ ነጥብ?
«አለሁ» ብሎ ጽፎ ሄዶ እራት መመገብ?

«ሚስባህ» ብዬ ጠራሁ። ዝም።
«ጃለኔ?» ዝም።
«ሹክሪያ?» ስል ከታች ብቅ አለ አንድ መስመር፦
«መምህር፣ ሰርቦ ነኝ፣ ቤታችን ባለ አንድ በር፤
ማይኬን ስከፍተው ላማችን ታገሳለች፣
ክፍሉ ይስቅብኛል፣ እናቴም ታፍራለች።»
«ከአጋሮ ነኝ» አለ ሌላው፣ «መንገድ ተዘግቶብኝ፤
ሃምሳ ሜጋ ናት የቀረችኝ፣ በጽሑፍ ይፈቀድልኝ።»

አፈርኩ። ዝምታን ስንፍና ብዬው ነበር፣
ንግግር በሜጋ መሆኑን ሳላውቅ የሚቆጠር።

ስላይድ ዘጠኝ ላይ መብራት ድርግም አለ፤
ኔትወርኩም አብሮት ሄደ፣ አንድ መስመር እንኳ የለ።
ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስልኬን ከመስኮት አውጥቼ፣
እንደ ሐሙስ ገበያ ተፈቱ ብዬ ትቼ፣
ጣቴ ዝናብ ጠጥቶ…
ገባሁ።
ጉድ ሰማሁ።

«ቦዬን ያደረቁት ጡብ ሠሪዎች ናቸው!» ሚስባህ ነው፣ በጩኸት፤
«ይባረሩ እንጂ! ይታጠር ያ መሬት!»
«የአዌቱስ ቆሻሻ? የከተማው ፍሳሽ?»
ጃለኔ ናት፤ «ደሃውን ነው የምትከስ?»
አንዱ ያቋርጣል፣ አንዱ «ቆይ» ይላል፣
የሹክሪያ ላም ታገሳለች፤ ማን ጆሮ ሰጥቷታል?

ከዚያ አንዲት ድምፅ መጣች፣ ቀጭን፣ የማላውቃት።
ራውዳ።
ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ከመስኮቱ ጥግ ያየኋት፣
ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ብቻ የምታነሳ።

«አባቴ ጡብ ይሠራል» አለች፣ «ቦዬ ዳር።
ይህን ስልክ የገዛልኝ ያ ጭቃ ነው፣ እሱ ሲቆፍር።
ረግረጉ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ በገላው ይለካዋል፤
ድሮ እስከ ደረቱ ነበር፣ ዘንድሮ ጉልበቱን አይደርስም ይላል።
ስለ እሱ ታወራላችሁ።
እሱን የጠየቀው ማነው?»

ከኋላዋ አዛን ይሰማል፣ የሕፃን ልቅሶም አለ።
ማንም አልሳቀ።
ሚስባህ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ዝግ ባለ አንደበት፣
«ቅዳሜ ብመጣ… ያናግረኛል አባትሽ?» አላት።

ጣቴ ማይኩ ጋ ደርሳ ነበር፣ «ላርማችሁ» ልል፤
የአስራ አንድ ዓመት ልማድ መች በአንድ ማታ ይነቀል?
መለስኳት።
አርባ ሁለተኛው ጥቁር ካሬ እኔ ሆንኩ፤
መብራቱ ሲመጣ እንኳ ካሜራዬን አልከፈትኩ።
ስላይዶቼ ዘጠኝ ላይ ናቸው፣ እስከ ዛሬ።

ረቡዕ ጠዋት ቅጽ መጣ፦ «የተሳታፊ ብዛት?»
አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩና ትንሽ አሰብኩበት፤
ሰረዝኩት።
የራውዳን አባት ጨመርኩ፣
የሰርቦዋንም ላም።