ጫኝና አውራጅ

ካዛንቺስ፣ አምስተኛ ፎቅ። መብራት ሄዶ መጣ።
ትናንት የነበረው ሁሉ ከሚሞሪ ወጣ፤
ሦስት መቶ ደንበኛ፣ ሒሳቡ፣ ስልኩ፣ ስሙ፣
ጄኔሬተሩ እስኪያጓራ እንዳልነበሩ ሆኑ፣ ከሰሙ።

ምንያህል ብቅ አለ። «ከዜሮ መጀመር ይብቃን፤ ኮድ ጻፊ፤
ሲመሽ ፋይል ላይ ጫኚ፣ ሲነጋ አራግፊ።»

ሁለት ፈንክሽን ከፈትኩ፤ ጫኝና አውራጅ አልኳቸው፣
ከመስኮቴ ቁልቁል፣ አይሱዙ ከበው
ዋጋ በሚከራከሩት ልጆች ስም ነው።

ጫኙን መጀመሪያ አልመከርኩትም፤ እንዳገኘ አፈሰ፤
ፓስወርዱን እንኳ ሳይሸፍን ፋይሉ ላይ አፈሰሰ።
ከዳታቤዙ ጋር የተዘረጋውን መስመር ሊጠቀልል ሲል ግን
ቀጥ አለ። በቀይ ጻፈ፦
ክፍት መስመር አይጫንም።

እውነቱን ነው።
እየተነጋገሩበት ያለን ሽቦ ማን ጠቅልሎ ያውቃል?

ከታች ወይዘሮ ደብሪቱ፣ እጃቸው ላይ ጠመኔ፣
ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፤
ቁም ሣጥኑ ጀርባ ላይ «በመስኮቱ በኩል»፣
አልጋው እግር ላይ «ራስጌ ወደ ምሥራቅ» ይጽፋሉ።
«እማማ፣ እኛ እናውቅበታለን» ይላል የልጆቹ አለቃ።
«አታውቁበትም። ዕቃው የኔ፣ አጫጫኑም የኔ።»
ቆጣሪውን ሊነቅሉ ሲሉ፣ «እሱን ተዉት፤
ሽቦው አብሮ አይሄድም፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፉት።»

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።
መስመሩን ተውኩት፣ አድራሻውን አስቀረሁ፤
አውራጁ ሲደርስ ራሱ ይደውል።
ፓስወርዱን ከጭነቱ አወረድኩ።
ዕድሜ የሚለውን ሰረዝኩ፤ የልደት ቀን ይበቃል፤
ዕድሜማ ፋይል ውስጥ ተኝቶ መቼ ያድጋል?

አውራጁ ከበደ።
የሚያወርደው ነገር እንደ አዲስ አይወለድም፤
በኮንስትራክተሩ፣ በመወለጃው በር አያልፍም፤
ካቆመበት ባንኖ «የት ነኝ?» ይላል፣
መልሱን እኔ ማዘጋጀት አለብኝ።
የካቻምና ፋይልም አለ፤ «ቀበሌ» ይላል ገና፣
ክላሱ የሚያውቀው «ወረዳ» ብቻ ነውና
ደንግጦ ወደቀ።
ጻፍኩለት፦ ቀበሌ ካየህ አትደንግጥ፤
ሰውዬው ያው ነው፤ የበሩን ስም ለውጥ።

አንድ ነገር እስከ ማታ አስቸገረኝ።
ባልና ሚስት አንድ ሒሳብ ይጋራሉ፤
ለየብቻ ስጭናቸው ሒሳቡ ሁለት ሆኖ ወረደ፣
እሷ ብታወጣ እሱ ጋ አይጎድልም።
«እኔንም እንደዚህ ጫኚኝ» ብሎ ምንያህል ሳቀ።
አብሬ ጫንኳቸው፣ በአንድ ፋይል፣ በአንድ ትንፋሽ።
አንዱ ሒሳብ አንድ ሆኖ ወረደ።

ወይዘሮ ደብሪቱና አቶ ክብረአብ
አንድ ግድግዳ ነበር የሚጋሩት።
እሳቸው ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ እሱ ወደ ሌላ ዳር፤
ሁለት አይሱዙ፣ ሁለት ቀን፤
ግድግዳውን ማንም አልጫነም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቴስቱ አረንጓዴ ሆነ።
ላፕቶፔን ዘግቼ ቁልቁል ሳይ
ብቻውን ቆሟል፤ በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በአንድ ወገን ቢጫ ቀለም፤
በቢጫው በኩል ምስማር አለ፤ የተሰቀለበት ግን የለም።