አራት ኢንች መዳብ

በፎጣ ጠቅልሎ፣ አቅፎ አመጣው፣
እንደ ታመመ ሕፃን ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛው።
ሳልፈታው አወቅሁት፤ ሽታው ቀድሞ ነግሮኛል፣
የተቃጠለ ቫርኒሽ ጉሮሮ ይቧጥጣል።

«ሦስተኛህ ነው፣ ዡራንዲር፣ በአንድ ወር» ስለው
ፋብሪካውን ረገመ፤ ባትሪውን፣ ገመዱን፣
የሞሶሮን ፀሐይ አከለው።
ፀሐዩስ እውነት ነው፤ ጨው በሚነጣበት በዚህ ሜዳ
ውሻ እንኳ ጥላ ሲያሳድድ ይውላል
ከግድግዳ ግድግዳ።

ግን ፀሐይ ኮይል አትገድልም። ሾጣጣውን ቆርጬ አነሣሁ፣
የጠቆረውን ቀለበት በሁለት ጣቴ ይዤ አወጣሁ።
እየው፤ ወረቀት ላይ የዞረ አሉሚኒየም፣ መዳብ የተቀባ፣
ሁለት ኢንች ስፋቱ፣ ዕንቁላል በግድ የሚገባ።
ማግኔቱ ጀርባ ላይ ግን በወርቅ ቀለም «ሦስት ሺህ ዋት» ይላል፤
ዋት መጻፉ ቀላል ነው፣
ዋቱን የሚውጠው ማን ይሆናል?

ይህች ናት የምትውጠው፣ ፀጉር የምታህል ሽቦ።
ከመቶው ሁለቱ፣ ቢበዛ ሦስቱ ነው ድምፅ የሚሆነው፣
የቀረው እሳት ነው።
ጥያቄው እሳቱ በየት በኩል ይወጣል ነው።

ቀለበቱ ሲሰፋ ሽቦው ይረዝማል፣
ገላው ለማግኔቱ ብረት ሰፋ ብሎ ይገለጣል፣
ሙቀቱን ለጎረቤት እያካፈለ ይከርማል።
ጠባቧ ግን ለብቻዋ ይዛ ትነድዳለች፣
ሙጫዋ ይለቃል፣ ክሯ ይላላል፣ ብረቱን ትጭራለች፣
ከዚያ ዝም ትላለች።
ደግሞ ሽቦ ሲግል እምቢታው ይጨምራል፤
ድምፁ ይሟሽሻል፣ ያንተም እጅ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤
እሷ እምቢ፣ አንተ ጨምር፣
ክርክሩ በጭስ ያልቃል።

«ለምን ነው ይህን ያህል የምታስጮኸው?» አልኩት።
ለውድድር፣ ለሴት ልጅ፣ ለጎረቤት ቅናት፣
ይህን ነበር የጠበቅኩት።
ዝም አለ። በመስኮቱ በኩል ወደ መኪናው አመለከተ።
ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ
ባዶው ሳጥን አፍ ላይ መዳፉን ዘርግቶ
አንድ ነገር ይጠብቃል።

«አባቴ ናቸው፣ ኦታሲልዩ። ሠላሳ ዓመት ከጨው መፍጫው ጎን ቆሙ፤
ጆሯቸውን መፍጫው ወሰደው። አሁን በእጃቸው ነው የሚሰሙ።
ከበሮው ሲደክም 'ዘፈኑ አለቀ እንዴ?' ይሉኛል፣
ምን ላድርግ ቫልደኒሲ? እጨምራለሁ፤ ይቃጠላል።»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ጓዳ ገብቼ ቁርጥራጩን ገለበጥኩ፣
ሾጣጣው የበሰበሰ፣ ማግኔቱ ግን ደኅና የሆነ፣
ክፍተቱ አራት ኢንች የሚያስገባ አሮጌ አካል አነሣሁ።
አቧራውን በምላጭና በቴፕ
ከክፍተቱ ውስጥ ስለቅም መሸ።
በመስታወት ክር ሲሊንደር ላይ ንጹሕ መዳብ፣
አራት ድርብ፣ መቶ ሃያ ዙር፤
እየቆጠርኩ፣ ስልክ ሲጠራ ሳልመልስ፣
አንዴ ሰባ ሦስት ላይ ተሳስቼ እንደገና ስጀምር።
ሽቦው ተጠመጠመ፣
የናፈቀው ሰው አንገት ላይ እንዳለ ክንድ ጠበቅ ብሎ፣
ክር ከክር ሳይላቀቅ፣ ሳይደራረብ፣ ተስተካክሎ።

«ይከብዳል» አልኩት። «በዚያው ጉልበት የድሮውን ያህል አይጮኽም።
ሲበላ ይበላል፤ አምፕሊፋየርህን ሳትለውጥ አትሞክረው።
ግን መሐሉ ቀዳዳ አለው፣ በጀርባው ይተነፍሳል።»
«ስንት ዋት ልበል?» አለኝ እስክሪብቶ ይዞ።
ወስጄ ኪሴ ከተትኩት።

ቅዳሜ ማታ መጡ። ከበሮው ጀመረ፣
የሱቄ መዝጊያ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣
መደርደሪያዬ ላይ ብሎን ከብሎን ተጋጨ።
አንድ ዘፈን፣ ሁለት፣ አምስት።
ጣቴን ከጀርባው ቀዳዳ ፊት አደረግሁ፤
ትኩስ ትንፋሽ እየገፋ ይወጣል፣
እንደ ሯጭ፣ ግን እንዳልደከመ ሯጭ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ከሳጥኑ ላይ አነሡ።
ዡራንዲር ፊቱ ተለወጠ፣ እጁ ወደ ቁልፉ ሮጠ።
አባቱ ግንባራቸውን ቋጥረው ደረታቸውን ያዙና፣
ጨው በበላው ድምፃቸው፣
«ቀንሰው እንጂ፣ አንተ ልጅ!» አሉት።